ስኳሬና ጠያቂዎቼ

እኛን ሐበሾችን የሚጨርሰን በሽታ አይደለም፤ ጠያቂ ነው! ... ቆይ፣ አትቆጡ! መጀመሪያ ጉዴን ስሙኝ።

እዚህ ናይሮቢ አንድ ኬንያዊ ሐኪም ደሜን መረመረና ስኳሬ አፋፍ ላይ መድረሱን ነገረኝ። ከዚያም የሃያ ሽልንግ ሳንቲም የምታህል ክብ ነገር ክንዴ ላይ ለጠፈ። ሴንሰር ናት። ቆዳዬ ሥር በገባች ቀጭን ክር ስኳሬን እየለካች ለስልኬ ታሳብቃለች። ስኳሬ ከፍ ሲል ስልኬ ይጮኻል።

«ሁለት ሳምንት እናያለን» አለኝ። «ካልወረደ ክኒን ትጀምራለህ። ዕድሜ ልክህን።»

ዕድሜ ልክ! አንዲት የራስ ምታት ክኒን ለመዋጥ እንኳ ግማሽ ቀን የምለመን ሰው ነኝ እኮ! ክፉኛ ፈራሁ። ስኳር የሌለው ሻይ፣ ጎመን በጎመን ላይ፣ ከማታቱ ታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር ወደ ቤት... ምን ያላደረግኩት አለ? ስልኬም ዝም አለ።

ቅዳሜ ሁርሊንግሃም ሰፈር ሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ስበላ የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ ታደለ ክንዴን አዩት። እጅጌ ጉርድ መልበሴ!

«ምንድን ናት እቺ?»

«ስኳር መለኪያ ናት፣ ጋሼ።»

«አይዞህ...» አሉኝ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

እሳቸው «አይዞህ» ካሉ፣ ከፓርክላንድስ እስከ ካሳራኒ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው። እሑድ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሳሎኔ ጢም አለ። መቼም ታማሚ በባዶ እጅ አይጠየቅም... የማንጎ ጁስ፣ ብስኩት፣ ኬክ፣ አንዱማ ከሞያሌ ያስመጣውን ማር! ስኳርህ አስጊ ነው ለተባለ ሰው!

«ኧረ እኔ አልታመምኩም!»

«አዬ... ሲጠና እንዲህ ያስክዳል» አሉ ጎረቤቴ እትዬ ብዙነሽ፣ ብርጭቆዬን በጁስ እስከ አፉ እየሞሉ። «ጠጣ የኔ ልጅ፣ ፍሬ እኮ ነው!»

እናንተ ብትሆኑ እምቢ ትላላችሁ? ጠጣሁ። ኬኩንም በእጃቸው አጎረሱኝ። ወዲያው ስልኬ ኡኡ አለ።

«አንሳው እንጂ!»

«የሰው ጥሪ አይደለም እትዬ። ደሜ ነው፤ ጁሱን ተው እያለኝ ነው።»

«በል አታንሳው!»

በሚቀጥለው እሑድም እንደዚያው ሆነ። ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ሐኪሙ የስልኬን ግራፍ አይቶ ግራ ገባው።

«ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደህና ነህ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ምን ትሆናለህ?»

«እጠየቃለሁ።»

ነገሩን ሳስረዳው እስኪያስለው ሳቀ። ክኒኑን ለአንድ ወር አዘገየልኝና በራሱ ማኅተም ወረቀት ጻፈልኝ፦ «ጠያቂ እንዳይገባ።» ደስታዬን አትጠይቁኝ! ወረቀቱን የቤቴ በር ላይ ለጠፍኩ፤ ፎቶውንም አንስቼ ለማኅበራችን ግሩፕ ላክሁ።

ጋሽ ታደለ ወዲያው በድምፅ መለሱ፦ «ጠያቂ ከተከለከለማ... አልቆለታል!»

እሑድ ዓይናቸውን እየጠራረጉ፣ ከወትሮው እጥፍ ሆነው መጡ። ኬኩ ባለ ሦስት ፎቅ ነበር።