የተሻረ ሰው ቤት ለቅሶ

ሐበሻ በምርጫ ሲሸነፍ ተቃዋሚ አይሆንም፤ ያኮርፋል። ልዩነት አለው! ተቃዋሚ ስብሰባ ይመጣል፣ ይናገራል፣ ይከራከራል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ያኮረፈ ሰው ግን አይመጣም፤ አለመምጣቱን ግን ሰው ሁሉ እንዲያውቅለት ይፈልጋል። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ ራሴ አኩርፌ ስለማውቀው ነው።

ነገሩ የዕድራችን ምርጫ ነው። «ኧረ ለዕድር!» ብላችሁ እንዳትስቁ። እዚህ ዳላስ የዕድር ሊቀመንበርነት ቀላል ሥልጣን አይደለም። ሰው ያረፈበት ቤት ማን ምግብ ይዞ እንደሚሄድ፣ ማን ወንበር እንደሚጭን፣ ማን ከሥራ ቀርቶ ሰው ሲያመላልስ እንደሚውል የሚወስነው እሱ ነው። የከተማው ከንቲባ ማን እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ የዕድሩን ሊቀመንበር ያውቃል።

ደንቡ ላይ ባይጻፍም ዕድራችን ሁለት ፓርቲ አለው። የምሥራቁ ፓርቲ እኛ ነን፦ ሳክሲ፣ ጋርላንድ፣ ዋይሊ የምንኖረው። የምዕራቡ እነሱ ናቸው፦ ዩለስና ፎርት ዎርዝ ያሉት፣ ኤርፖርት የሚሠሩት በሙሉ። የርዕዮተ ዓለም ልዩነታችን ጥልቅ ነው... ወርኃዊው ስብሰባ ለማን ሰፈር ይቅረብ? እኔ ሊቀመንበር ሳለሁ ስብሰባው ጋርላንድ ነበር። የዩለስ ሰዎች «ትራፊኩ ገደለን እኮ!» ሲሉ «ለማኅበረሰቡ ሲባል ትንሽ መስዋዕትነት ያስፈልጋል» እላቸው ነበር። ተቃዋሚ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። አልፎ አልፎ የሚያጉረመርሙ ግለሰቦች ናቸው ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚያ ምርጫ መጣ። የእኛ ሰዎች «ግርማ መቼም ያሸንፋል» ብለው ቤታቸው ተኙ። የምዕራብ ሰዎች ሺፍት እየተቀያየሩ፣ ከነዩኒፎርማቸው ግልብጥ ብለው መጡ። ደረጀ ተመረጠ። ደረጀ ኤርፖርት የሆቴል ሻትል ይነዳል፤ ዩለስ ነው የሚኖረው፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት አበልጄ ነው። ጸሐፊው የእነሱ፣ ገንዘብ ያዡ የእነሱ፣ የወንበርና ጠረጴዛ ኃላፊው ሳይቀር የእነሱ ሰው ሆነ። ስብሰባውም ወዲያው ዩለስ ገባ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባል የለ? እኔ ሥልጣን ላይ ሳለሁ ከሻይና ከሳምቡሳ ሌላ የበላሁት ነገር የለም፤ ግን ቆጨኝ። ደግሞ ልክ እንደተሻርኩ ዴሞክራት ሆንኩ! ግልጽነት... ተጠያቂነት... ለሩቅ ሰፈር ነዋሪ ማሰብ... እነዚህን ቃላት ሊቀመንበር ሳለሁ የት አስቀምጫቸው እንደነበር እንጃ።

ሶ፣ እኔና ሙሉጌታ ተቃዋሚ ሆንን። ሙሉጌታ ትራክ ይነዳል፤ በእኔ ዘመን ጸሐፊ ነበር። የትግል ስልታችን የታወቀ ነው፦ ስብሰባ መቅረት፣ ከዕድሩ የስልክ ግሩፕ ሳይወጡ ዝም ማለት፣ ቤተ ክርስቲያን ከደረጀ ጋር ፊት ለፊት ከተገናኙ ጫማን ማየት። ደረጀ ኮል ሲያደርግ አላነሳም። ሚስቴ ወይንሸት ይሄ ነገር አልዋጥ አላት።

«አበልጅህ እኮ ነው፣ አታፍርም?»

«በቤተሰብ ደረጃ አበልጄ ነው። በፖለቲካ ደረጃ አላውቀውም።»

«ሂድ ወዲያ! ያን ቀን ሥራ ባልገባ እኔም እሱን ነበር የምመርጠው።»

እንግዲህ አስቡት፤ በገዛ ቤቴም ሥልጣን ላይ አልነበርኩም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሐሳቤ ግማሹ አዲስ አበባ ነው። እናቴ አርጅታለች። ያን ሰሞን ስደውልላት ድምፅዋ ደከም ብሎብኝ «ምን ሆንሽ?» ብላት «ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ነው» አለችኝ። የሀገር ቤት ሰው «ትንሽ» ሲል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሆስፒታል ተኝቶም ትንሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከሀገር ቤት እንዳይሆን ቀድሜ ቁጥሩን አይ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ኦፍ ስለሆንኩ ተኝቻለሁ። ወይንሸት መስኮቱ ጋ ቆማ «ግርማ...» አለችኝ። ድምፅዋ ሌላ ሆነብኝ። ተነሥቼ መጋረጃውን ገለጥ አደረግኩ። አንድ መኪና በራችን ፊት፣ ድራይቭዌያችን ላይ ፓርክ አድርጓል። ከኋላው ሌላ፣ መንገዱ ዳር ደግሞ ሌላ። ጋሽ ወልዴ፣ የዕድሩ ትልቅ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ቀስ ብለው ወረዱ። የዕድራችን አንጋፋ እናት እትዬ አስካለ ነጠላ ለብሰው፣ ትልቅ ድስት ታቅፈው ተከተሉ። ከእነሱ በኋላ ደረጀ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር በጥቁር! ማንም ከማንም አያወራም።

እዚህ ለምትኖሩ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። በዚህ ከተማ ሐበሻ ሳይደውል፣ በማለዳ፣ በቡድን ሆኖ በርህ ላይ ከቆመ መርዶ ነው። ሰው ሥራ ቦታ ሳይሰማ፣ ፌስቡክ ላይ ሳያነብ፣ ቤቱ ሳለ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ማርዳት ወጋችን ነው።

«ወየው እማዬን!» ብላ ወይንሸት እሪ አለች።

እኔ ደግሞ ምን አልኩ? «ለሚስት ቀድሞ ይነገራል፤ ነግረዋታል ማለት ነው!» ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። አታስመስል እንዳትሉኝ፣ ከአንጀቴ ነው ያለቀስኩት። ያልደወልኩባቸው እሑዶች፣ «በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ» ያልኩባቸው ዓመታት ሁሉ ተሰብስበው ደረቴ ላይ ተቀመጡ።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ወልዴ «እኔን! እኔን!» እያሉ ገቡ። እትዬ አስካለ ድስቱን ጥለውት ሊሮጡ ምንም አልቀራቸው። ደረጀ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጫማውን ስመለከት የከረምኩት ሰውዬ፣ አጠገቤ ተንበርክኮ አንገቴን አቅፎ አብሮኝ ተንሰቀሰቀ። እኔም አቀፍኩት። እናት ሞታ ምን ፖለቲካ አለ?

በዚህ መሐል ስልኬን ላነሳ እጄን ስሰድ እትዬ አስካለ ቀምተው ኪሳቸው ከተቱት። «አሁን ስልክ ምን ይሠራልሃል፣ ልጄ! በርታ።» ልክ ናቸው፤ ኀዘንተኛ ስልክ አይሰጠውም።

አዲሱ መንግሥት ሥራውን ጀመረ። ደረጀ ግሩፑ ላይ «ግርማ ቤት ለቅሶ ነው፣ ድረሱ» ብሎ ቴክስት አደረገ። ወዲያው መኪና በመኪና ላይ! ወንበር ከዩለስ ተጭኖ መጣ። ውሃ መጣ፣ እንጀራ መጣ፣ ከፎርት ዎርዝ የሌሊት ሺፍት የጨረሱ ነርሶች ሳይተኙ መጡ። በእኔ ዘመን ወንበር የሚደርሰው ለቀስተኛው ቆሞ ቆሞ ሊሄድ ሲል ነበር። እያለቀስኩ ታዘብኩ። እንደውም ልንገራችሁ... እያለቀስኩ ቀናሁ።

ሙሉጌታም መጣ። አቅፎኝ አለቀሰና ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለ።

«የወንበሩን እግር አየኸው? ይወላገዳል። ግልጽ የአስተዳደር ድክመት ነው።»

«ሙሉጌታ፣ ለቅሶ ላይ ነን!»

«አውቃለሁ፣ ይቅርታ። በሚቀጥለው ስብሰባ እናነሳዋለን።»

«ስብሰባ አንሄድም እኮ።»

«ለካ እሱም አለ» ብሎ ወደ ማልቀሱ ተመለሰ።

ቤቱ ጢም ብሎ ከሞላ በኋላ ደረጀ ስልኩን ይዞ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ፈራ ተባ እያለ ነው።

«አበልጄ... ይቅርታ አድርግልኝ። ግሩፑ ላይ በደንብ ላወጣው ነበር። የሟች ስም ማን ልበል?»

«ምን?»

«ማለቴ... ያረፉት ማን ናቸው?»

እንባዬ በአንዴ ቀጥ አለ። «ደረጀ፣ አንተ አይደለህ እንዴ የምትነግረኝ?»

«እኔ? እኔ ከየት አውቄ?»

«ልታረዱኝ አይደል የመጣችሁት?»

«ኧረ እኛ ልንታረቅህ ነው የመጣነው!»

ለቅሶው ከሳሎን ጀምሮ ኩሽና ድረስ በየተራ ቆመ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ከዓይናቸው ላይ አነሡ። «ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አሉ። ሁሉም ወደ ወይንሸት ዞረ።

«እኔማ... እናንተን በመስኮት አይቼ ነው» አለች።

«እኛ ደግሞ አንቺ ስትጮሂ ሰምተን!» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ስልክ አላነሳ ስላለ፣ ከቤት ሳይወጣ በማለዳ ደርሰንበት፣ አስታርቀን ወደ ቅዳሴ ልንሄድ ነበር። ድስቱም የዕርቅ ዶሮ ነው!»

«ጥቁሩስ?» አልኩ ወደ ደረጀ እያየሁ።

«የሥራ ዩኒፎርሜ ነው። ከዚህ ሥራ እገባለሁ።»

እናንተ አሁን እየሳቃችሁ ይሆናል። እኔ ገና አልሳቅኩም። እነሱ ሊያረዱኝ አልመጡም ማለት እናቴ ደህና ናት ማለት አይደለም። «ስልኬን!» አልኩ። እትዬ አስካለ እየተርበተበቱ ከኪሳቸው አወጡት። ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩ። ጠራ... ጠራ...

«ሃሎ? ማነው?»

«እማዬ... አለሽ?»

«የት እሄዳለሁ? ምን ሆነህ ነው ድምፅህ?»

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ነርሶቹ እልል፣ ሙሉጌታ እልል! እኔ እንደገና ማልቀስ ጀመርኩ፤ ይሄኛው ግን አይቆጠርም።

«ምንድን ነው የሚጮኸው? ሠርግ አለ?» አለች እናቴ።

«አይ... ለቅሶ ነው።»

«ውይ! የማን?»

ምን ልበላት? «...ያንቺ።»

«እግዜር ይስጣቸው» አለች። «ብዙ ሰው መጣ?»

«ቤቱ ሞልቶ በረንዳ ላይ ቆመዋል።»

«ይሁን፣ ደህና ነው።» ደስ እንዳላት ከድምፅዋ ያስታውቃል።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጋሽ ወልዴ እኔንና ደረጀን አሳሳሙን፤ እንባና ንፍጥ ተለዋውጠን ጨርሰን ስለነበር ብዙ አላስቸገርናቸውም። ደረጀ ዙሪያውን ሲያይ ምሥራቁም ምዕራቡም፣ ገዢውም ተቃዋሚውም አንድም ሳይቀር ተገኝቷል። «ምልዓተ ጉባኤው እንዲህ ሞልቶ አያውቅም፤ ለምን ስብሰባችንን እዚሁ አናደርግም?» አለ። ስብሰባ የእኔ ሰፈር፣ ሳክሲ ገባ ማለት ነው! ሙሉጌታ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

እጄን አውጥቼ፣ እንደ ተቃዋሚ ወግ፣ የመጀመሪያውን ሐሳብ አቀረብኩ። «ዛሬ በልብ ድካም ልሞት ነበር። ከእንግዲህ ለመርዶም ይሁን ለዕርቅ ፀሐይ ሳትወጣ በቡድን የሰው በር ላይ መቆም ይቅር። ስልክ ይደወል፣ ነገሩ በስልክ ይነገር። ሠልጥነናል እኮ!»

ተጨበጨበልኝ። የምዕራብ ሰዎች ሳይቀሩ! ደረጀ ራሱ «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለና እንደ ደንቡ ጠየቀ። «ተቃውሞ ያለው?»

«እኔ አለኝ!»

ዞር ዞር አልን። ድምፁ የመጣው ከጠረጴዛው ላይ ነው። ስልኩን አልዘጋሁትም ነበር።

ደረጀ ግራ ተጋባ፤ ቢሆንም ሊቀመንበር ነው። «ይቀጥሉ፣ እናቴ» አለ።

«በስልክ እንዳትነግሩት» አለች እናቴ። «የእኔ ቀን ሲደርስ በስልክ እንዳትነግሩት። እሱ መኪና ይነዳል። እንደ ዛሬው በጠዋት፣ ሁላችሁም ሆናችሁ ሂዱለት። ልጄ ብቻውን እንዳይሰማው።»

ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ደረጀ «የግርማን ሐሳብ የሚደግፍ?» አለ። አንድም እጅ አልተነሣም። «የሚቃወም?»

ሐሳቤ በሙሉ ድምፅ ወደቀ። ቀድሞ የተነሣው እጅ የእኔ ነበር።