ሰው የሚከራዩ ክፍሎች

ሌላው ሰው ሕልሙን በሌሊት ያያል፤ የሻረግ ግን ያየችው በጠራራ ፀሐይ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። የት ተኝታ እንዳየችው ኋላ ይነገራል። አስቀድሞ መናገር ሰው ማሳቀቅ ይሆናል።

የሻረግ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የሙያ ኮሌጅ የሆቴል አስተዳደር ዲፕሎማ ተማሪ ናት። ሦስት ዓመት ተምራ የቀራት አንድ የተግባር ምዘና ብቻ ነበር፤ እሱንም ባለፈው ወድቃዋለች። የወደቀችው አልጋ ማንጠፍ ተስኗት አይደለም፤ በእሱስ የሚስተካከላት አልነበረም። ደንቡ የእንግዳን በር ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ፣ ክፍል አሰናጅ መጣ ለማለት «ሀውስኪፒንግ» ብሎ፣ ጥቂት ጠብቆ መግባት ነው። እሷ ግን መዛኙ አቶ ክንዱ ከኋላዋ ቆመው ሲያዩዋት ደነገጠችና ከበሩ ራቅ ብላ፣ በአገሯ በአዴት እንደሚደረገው፣ «ቤቶች!» ብላ ተጣራች። አቶ ክንዱ ፊታቸው ሳይፈታ ዜሮ ጻፉላት። ከዚያ ወዲህ በተማሪው ዘንድ ስሟ «ቤቶች» ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ሁለተኛውና የመጨረሻው ዕድሏ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል የደንብ ልብሷን ከነስሟ አስጠልፎ ሰቅሎላታል። ሰኞ ምስክር ወረቀቷን ይዛ ካልቀረበች ስሟ ከልብሱ ላይ ተፈትቶ ለሌላ ይሰጣል።

በሕልሟ እዚያው ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ቆማለች። ሰልፉ ረጅም ነው። የተሰለፉት ግን ሰዎች አይደሉም፤ ክፍሎች ናቸው። ሻንጣ ያንጠለጠሉ፣ ቁልፋቸውን አንገታቸው ላይ ያሰሩ፣ መንገድ ያደከማቸው ክፍሎች። ከባንኮኒው ጀርባ ከነጭ ፎጣ የታጠፈች ዳክዬ ተቀምጣለች፤ የሻረግ ራሷ እያጠፈች እንግዳ አልጋ ላይ የምታስቀምጣት ዓይነት ዳክዬ።

«ለአንድ ሌሊት ሰው ፈልጌ ነበር» አለ ሁለት መቶ አራት ቁጥር ክፍል።

«ስንት መስኮት ያለው?» አለች ዳክዬዋ።

«ሁለት ዓይን ይበቃኛል። ብቻ ጫጫታ አይኑረው።»

ዳክዬዋ መዝገቧን ገለጠች። «አንዲት ዝምተኛ አለችን። ቁርስ አልበላችም፣ ውስጧ ሰፊ ነው።»

ክፍሉ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አያት። የሻረግ «እኔ እኮ ሠራተኛ ነኝ» ልትል ፈልጋ ልብሷን ብታይ የደንብ ልብስ አልለበሰችም። ልብሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ እንደማያውቃት ሁሉ ፊቱን አዙሯል።

«ገና አልተነጠፈችም» አለች ዳክዬዋ። «ያንጥፏትና ይግቡባት።»

ሁለት አልጋዎች ሽርጥ ታጥቀው መጡ። አንዱ በትከሻዋ፣ አንዱ በእግሯ ይዘው ኮሪደር ለኮሪደር ወሰዷት። አየር ላይ አንድ ጊዜ አራገፏት፣ ዘረጓት፣ ጠርዟን ጎተቱት፣ እጅና እግሯን ከሥሯ ሸጎጡት። ምንም አላመማትም። ይበልጥ ያስፈራትም ይኸው አለማመሙ ነበር።

«መጨማደድ አላት» አለ ከሁለቱ ሽማግሌ የሆነው አልጋ ግንባሯን እያየ።

«ሐሳብ ነው። በካውያ ይለቃል።»

«ፀጉርም ተገኝቶባታል።»

ፀጉር የተገኘበት ነገር ወዴት እንደሚላክ የሻረግ አሳምራ ታውቃለች፤ ወደሚፈላው ውኃ ነው። በዚህ መሀል አንድ ጋሪ በአጠገባቸው አለፈ። የክፍል ጓደኛዋ ስንዱ አራት ቦታ ታጥፋ ከፎጣዎቹ ጋር ተደርድራበታለች።

«ስንዱ፣ ወዴት ነው የሚወስዱሽ?»

«ዝም በይ የኔ እኅት» አለች ስንዱ በታጠፈ አፏ። «እኔ ንጹሕ ናት ተብያለሁ። ፀጉርሽን እንዳታስነኪኝ።»

አልጋዎቹ ተማከሩና «ለአንድ ሌሊት ምን አላት» ብለው ትተዋት ሄዱ። ወዲያው ከኮሪደሩ ጫፍ ከባድ ነገር ሲጎተት ተሰማት። ሁለት መቶ አራት ነበር፤ ከነቁም ሣጥኑ፣ ከነመታጠቢያ ገንዳው፣ ከነቴሌቪዥኑ እየመጣ ነው። ደረቷ ላይ በር እንዳለ ያን ጊዜ አየች። መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው። ፈራች፤ በዕድሜዋ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ያን ሁሉ ዕቃ የት ታደርገዋለች? ልቧንስ ወዴት ታዞረው?

አንድ ነገር ብቻ አጽናናት፤ ደንቡን ታውቃለች። ሦስት ጊዜ ያላንኳኳ አይገባም። ምነው በተሳሳተ ብላ ተሳለች። ክፍሉ ደረቷ ፊት ደርሶ ቆመ፤ ትንፋሹ አዲስ ቀለም ቀለም ይሸታል። አላንኳኳም።

«ቤቶች!» አለ።

የሻረግ ጥርሷን ነከሰች። እናቷ በልጅነቷ ደጋግመው የነገሯት አንድ ነገር ቢኖር፣ «ቤቶች» ሲባል ዝም የሚል ቤት ሰው የሌለበት ቤት ነው የሚለው ነበር።

«ቤቶች!»

አፏ በገዛ ራሱ ይከፈት ጀመር። በእጇ እንዳትይዘው እጇ ከሥሯ ተሸጉጧል።

«ቤቶች! ኧረ እጄ ሞልቷል፣ ክፈቺልኝ ልጄ።»

«አቤት! መጣሁ!» አለች፤ ነቃችም።

ፀሐይ በኮሌጁ የተግባር መለማመጃ ክፍል መስኮት ገብታለች። ከበሩ ውጭ የሚጣሩት አቶ ክንዱ ናቸው። ቅድም እሳቸው እያዩ ሦስት ጊዜ አንኳኩታ «ሀውስኪፒንግ» ብላ ስትገባ በአዎንታ ራሳቸውን ነቅንቀውላት ነበር። ክፍሉን እንድታሰናዳ አርባ ደቂቃ ሰጥተዋት ወጡ፤ በሃያ አምስት ጨረሰች። ስታጠና ላደረ ሰው የቀረውን ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ ቀላል አይደለም። የተቀመጠችው አልጋው ጫፍ ላይ ብቻ ነበር፤ እንቅልፍ ግን ጣላት። አሁን ትራሱ የፀጉሯን ቅባት ጠጥቷል፣ አንሶላው ከአራቱም ማዕዘን ተነቅሏል፣ አልጋው ላይ አጥፋ ያስቀመጠቻት ዳክዬም ክርኗ ሥር ተጨፍልቃ ተራ ፎጣ ሆናለች።

አልጋውን መልሶ ለማንጠፍ ስድስት ደቂቃ ይበቃት ነበር። በሩ ዝግ ነው፤ እሳቸውም እጃቸው ሞልቶ መክፈት አይችሉም። «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ሰው እጁ ሞልቶ ደጅ ላይ ቆሞ እያለ ግን ይህን ማለት አላደገችበትም። ሄዳ ከፈተችላቸው።

አቶ ክንዱ በአንድ እጃቸው የምዘናውን ቅጽ፣ በሌላው ሙሉ ብርጭቆ ሻይ ይዘዋል። በትከሻዋ ላይ አሻግረው አልጋውን አዩ። ከዚያ ፊቷን አዩ፤ ጉንጯ ላይ የትራሱ ስፌት ታትሟል።

«እንግዳ ነበረሽ እንዴ?»

«የለም ጋሼ» አለች። «እኔው ነኝ።»

አቶ ክንዱ ብርጭቆውን ዘረጉላት።

«እስቲ ይቺን ያዢልኝ» አሉና፣ እንደ ባለፈው ፊታቸው ሳይፈታ፣ ነፃ በወጣው እጃቸው ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ።