ሳይደርቅ በጨርቅ

ድልድይ የዘረጉ፣ ተራራ የበሱ፣ ወረርሽኝ ያጠፉ ሰዎች ስማቸው ሲነሣ ይኖራል፤ ይነሣላቸው። በገዛ ግቢው፣ በገዛ ባልዲው፣ ማንም ሳያዘው ከአንዲት የውሃ ጠብታ ጋር ጦርነት የገጠመ ጀግና ግን እስከ ዛሬ አመስጋኝ አላገኘም። ይህ ታሪክ የተጻፈው ያንን ግፍ ለማረም ነው።

ጀግናችን በቤተሰቡ ዘንድ «ሰብሳቢው» ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስብሰባ ሲመሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ መሥሪያ ቤቱ የቢሮውን ቁልፍ ተረከባቸው እንጂ ስብሰባውን አልተረከባቸውም። ይዘውት ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ያለ አጀንዳ ሽንኩርት አይላጥም። አባላቱ ሁለት ናቸው፤ እሳቸውና ባለቤታቸው። ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን ሰብሳቢው ያሉበት ወገን ያሸንፋል። በዚህ ፍትሐዊ አሠራር ምክንያት ባለቤታቸው በትዳር ዘመናቸው አንዴም አሸንፈው አያውቁም።

አንዲት ልጃቸው ለመውለድ ክሊኒክ በገባች ዕለት ሰብሳቢው ታሪካዊ ቃል ገቡ። «የልጅ ልጄ ወደዚህ ቤት የሚገባው በእኔ መኪና ነው። በአሸዋ መኪና አይታሰብም።» የአሸዋ መኪና ያሉት የአማቻቸውን ነው፤ ሰውዬው አሸዋ አመላላሽ ሹፌር ነው። ልጅቷም «እሺ አባዬ፣ አንተ ከመጣህልኝ እስክጠነክር እናንተ ጋ እቆያለሁ» አለቻቸው። እሷ ከተዳረች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸው ነበርና፣ ሰብሳቢው በዚህ ዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የሚመኙት ነገር አልነበረም።

ስለዚህ መኪናዋን አጠቧት። ጥቁር ሰማያዊ ናት፤ ንጹሕ ስትሆን ሰው ፀጉሩን ያበጥርባታል። አጥበው ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ፀሐይ ላይ ተዉአት። ፀሐይዋ ሥራዋን ጨርሳ ስትሄድ መኪናዋ ከጣሪያ እስከ ጎማ ነጭ ነጠብጣብ ወርሷት ተገኘች። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

«የችግሩ መንስኤ ምንድን ነው?» ሲሉ ሰብሳቢው ጠየቁ፤ መልስ እንዲሰጥ የሚጠበቅ ሰው አልነበረም።

«ውሃው ነዋ» አሉ ባለቤታቸው። «የጉድጓድ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት አታየውም? ፀሐይ ላይ ስትተወው ውሃው ይሄዳል፣ ቅርፊቱ ይቀራል። እንዳጠብካት በፎጣ አድርቃት፤ አለቀ።»

«ፎጣ ይቧጭራል።»

«ንጹሕ ፎጣ ምኑ ይቧጭራል?»

«ሐሳቡ ተይዟል።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ይሄም ሳይደርቅ በጨርቅ ነው።»

«ተረትና ምሳሌ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር ይታያል» አሉ ሰብሳቢው። «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» የሚባለው አጀንዳ ደግሞ እዚያ ቤት ተደርሶበት አያውቅም።

ባለቤታቸው ግን ሆዳቸው አልቻለም፤ አቼቶ በውሃ አቅጥነው ሰጧቸው። በአቼቶው ሲያሹት ነጠብጣቡ እልም አለ። ሰብሳቢው ድሉን የተሟላ ለማድረግ መኪናዋን በዚያው በጉድጓድ ውሃ አለቀለቋትና ፀሐይ ላይ ተዉአት። ከሰዓት በኋላ ነጠብጣቡ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ተመለሰ።

«ጠላት ሥር ሰዷል» ሲሉ ሰብሳቢው ደመደሙ፤ የመወልወያ ማሽንና የፖሊሽ ቆርቆሮም ተሸምቶ መጣ። ወለወሉ፤ አለቀለቁ፤ ፀሐይ ላይ ተዉ። ነጠብጣቡን አዩ፤ እንደገና ወለወሉ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚለውን ያስተማሩን አባቶች ማሽን አልነበራቸውም፤ በማሽን ሲወቀጥ ለካ ቀለም ይነሣል። የኮፈኑ ጠርዝ ላይ ከሥር ያለው ግራጫ ብቅ አለ።

«ቀለሙን ጨረስከው እኮ» አሉ ባለቤታቸው።

«ቀለም አልተነካም። ግልጽነት ነው የጨመረው።»

በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ናት።

«አባዬ፣ ወጥተናል። ልጁን ታቅፌ በር ላይ ቆሜያለሁ። ደረስክ?»

ሰብሳቢው በእጃቸው ያለውን ስፖንጅ አዩ፤ በፖሊሽ የተለወሰውን ኮፈንም አዩ። «ልጄ፣ ሥራው በመጠናቀቅ ላይ ይገኛል።»

«የምን ሥራ?»

«የአቀባበሉ።»

«ፀሐይ ነው አባዬ። ቆሻሻም ትሁን፣ ዝም ብለህ ይዘሃት ና።»

«ለልጅ ልጄ? በጭራሽ። ትንሽ ታገሺ።»

ትንሽ ታገሠች። ከዚያ ባሏን ጠራች።

የአሸዋው መኪና ግቢው በር ላይ ሲቆም ሰብሳቢው መኪናቸውን እያለቀለቁ ነበር። ልጃቸው ከጋቢናው ስትወርድ ፊቷ ደክሞ፣ ነጠላ ጫማዋ አሸዋ ለብሶ አዩ። አፈሩ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም አፈሩ። ያፈረ ሰብሳቢ ደግሞ ንግግር ያደርጋል። ሕፃኑን ተቀብለው፣ ከመጠቅለያው አውጥተው፣ በውሃ የራሰው ኮፈን ላይ ከፍ አድርገው ያዙት።

«የተከበራችሁ የቤተሰባችን አባላት! ይህ ጨቅላ ዛሬ ፊቱን የሚያይበት መስታወት በቀላሉ የተገኘ ሳይሆን፣ በብዙ ውጣ ውረድ፣ በብዙ…»

ሕፃኑ ንግግሩ እንደሚረዝም ገብቶታል መሰለኝ፣ ኮፈኑ ላይ ሸና። ባለቤታቸው ከትከሻቸው ፎጣ መዘዝ አድርገው ቦታውን እስኪደርቅ ጠረጉና «ወይ የኔ ልጅ፣ አያትህን ገና ከአሁኑ አወቅከው» አሉት።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ደርቃ ሲያዩዋት፣ እንደተለመደው ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆናለች። ኮፈኑ ላይ ግን አንድ ሳህን የምታህል ቦታ ጥርት ብላ ታበራለች። ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን አዩባት። ስብሰባ ተጠራ።

«ሕፃኑ የሸናበት ቦታ ነጠብጣብ የለውም» ሲሉ አስታወቁ።

«እኔ የጠረግኩት ቦታ» አሉ ባለቤታቸው።

«ሕፃኑ የሸናበት።»

«ፎጣው ነው እኮ አባቷ።»

«ፎጣ ይቧጭራል። እሱ ባለፈው ስብሰባ ተዘግቷል።»

ልጃቸው ከአልጋዋ ሆና ሰምታ ሳቀች። አራስ ናትና ሳቁ አመማት፤ ቢሆንም ሳቀች። አባቷ የሚቀልዱ መስሏታል። ሰብሳቢው ግን በሕይወታቸው ቀልደው አያውቁም።

በማግሥቱ ማለዳ ከእንቅልፏ ስትነሣ ሕፃኑ አጠገቧ የለም። የለቅሶውን ድምፅ ተከትላ ወደ ግቢው ወጣች። አባቷ መኪናዋን አጥበው፣ ወንበር ላይ ቆመው፣ ልጇን ከወገብ በታች ራቁቱን በዚያ ብርድ ጣሪያው ላይ ዘርግተው «ሽሽሽ… ሽሽሽ… አይዞህ የኔ ጌታ» ይሉታል። ሕፃኑ በለቅሶ ብዛት ከንፈሩ ጠቁሯል።

«አባዬ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ጣሪያው ብቻ ነው የቀረው» አሉ ሰብሳቢው ቅር እያላቸው። «ኮፈኑን ትናንት ጀምሮታል።»

ልጇን ነጥቃ ደረቷ ላይ ሸሸገችው። እስኪሞቀውና ዝም እስኪል ድረስ እያወዛወዘች አባበለችው። ከዚያ በዝግታ እንዲህ አለች።

«ልጄን ያመጣሁት አያቱ ጋ ነበር።»

«አያቱ ምን አጎደለ ታዲያ?»

«እኔ እንጃ አባዬ። እስካሁን አላገኘሁትም።»

አማቹ ሊወስዳቸው ሲመጣ እንደ ወትሮው ጨዋ ነበር። ሻንጣውን ጋቢና ውስጥ አስገባ፤ ሚስቱን ደግፎ አሳፈራት፤ ወደ ሰብሳቢው ዞሮም እጅ ነሣ። «አይቀየሙኝ አባባ። የኔ መኪና አቧራ ናት፤ ግን ትሄዳለች።»

ሄደችም። አሸዋ እያንጠባጠበች መታጠፊያው ጋ እስክትሰወር ሰብሳቢው ገና እርጥብ ከሆነችው መኪናቸው አጠገብ ቆመው አዩአት። ቤቱ እንደገና ጭር ሲል ተሰማቸው። ኮፈኑ ላይ ተደግፈው አለቀሱ። እንባቸውም ከአገጫቸው እየወረደ ኮፈኑ ላይ ተንጠባጠበ።

ባለቤታቸው ፎጣውን አመጡና «እንካ፣ ዓይንህን ጥረግ» ብለው ሰጧቸው። ሰብሳቢው ፎጣውን ተቀብለው፣ የራሳቸውን ውሳኔ ረስተው፣ እንባው የወደቀበትን ኮፈን እስኪደርቅ ጠረጉት።

ሁለቱም እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ትከሻቸውን አቀፉአቸው፤ ይህ ሰው በመጨረሻ ሳይገባው አልቀረም ብለው አሰቡ። ፀሐይዋ ወጣች፤ መኪናዋም ደረቀች። ነጠብጣቡ ከጣሪያው እስከ ጎማው እንደገና ፈላ። ከኮፈኑ ላይ ግን ያቺ እንባ የወደቀባት ቦታ ጥርት ብላ አበራች።

ሰብሳቢው ቀስ ብለው ተነሡ። ቀረብ ብለው አዩ፤ በጣታቸው ነካ አደረጉ፤ ፊታቸውም ከብዙ ቀን በኋላ ፈካ።

«ለካ እንባም ይሠራል!»