ቀበሌ ፊት የቀረቡ ጂኖች

ሰው የማያውቀውን ነገር ቢፈራ አልፈርድበትም። የማያውቀውን ነገር በድምፅ ብልጫ ሲወስንበት ግን ደሜ ይፈላል። ቂመኛ ነህ የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እስቲ እናንተም ሰምታችሁ ፍረዱ።

በደርግ ጊዜ ልደታ የኖራችሁ የእሑድ ጠዋቱን የቀበሌ ስብሰባ አትረሱትም። ያልኖራችሁም አትቆጩ፤ ምንም አላመለጣችሁም። የሰፈሩ ቦይ፣ የጥበቃ ተራ፣ የዓለም ኢምፔሪያሊዝም፣ ሁሉም ተከታትለው ይቀርባሉ፤ ለሁሉም እጅ ይወጣል። ኢምፔሪያሊዝም በየሳምንቱ ይደመሰሳል። ቦዩ ግን እንደተደፈነ ነው።

አንድ እሑድ ከቦዩ ቀጥሎ እኔ ቀረብኩ። ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ፣ ሶሻሊስት አገር ሄዶ የመማር ዕድል አግኝቼ፣ የቀረኝ የቀበሌው ድጋፍ ብቻ ነበር። እሱ የሚገኘው ደግሞ ትምህርቱ ሰፊውን ሕዝብ ምን እንደሚጠቅም አስረድቼ ነው።

አስረዳሁ። በሰውነታችን ያሉ ሴሎች፣ የጉበቱም የዓይኑም፣ አንድ ዓይነት ጂኖች፣ ማለትም የሥራ መመሪያዎች ይዘዋል አልኩ። የዓይናችንን ሌንስ ጥርት የሚያደርጉት ግን እዚያው ሌንሱ ውስጥ ብቻ ይሠራሉ፤ ሌላ ቦታ ዝም ይላሉ። የትኞቹ እንደሆኑ ለይተን ካወቅን፣ ሌንሱን ለምን ሞራ እንደሚጋርደው ለመረዳት ይቀለናል።

"ጎበዝ!" አሉ አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ሽፋ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ሞራ ሁለቱንም ዓይናቸውን ከጋረደው ወዲህ የስፌት መኪናቸውን ጨርቅ አልብሰው ተቀምጠዋል። ወደ ስብሰባም የሚመጡት ክንዴን ይዘው ነው።

"ቆይ ጓድ!" አለ ካድሬያችን፣ ከፖለቲካ ትምህርት ቤት ተመልሶ ገና ያልበረደለት ጎረምሳ። "ጉበት ውስጥ ያሉት እነዚህ ጂኖች ምን ይሠራሉ?"

"ምንም።"

"ሴሉ ግን ይሸከማቸዋል?"

"ይሸከማቸዋል።"

"ጓዶች! ሳይሠሩ በሌላው ትከሻ የሚኖሩትን ምን እንላቸዋለን?"

"ባላባት!" አለ አንዱ ከኋላ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ።

"ዝም በሉ ያላቸውስ ማነው?" አለኝ ካድሬው።

"ገና በደንብ አልታወቀም" አልኩ።

ይህችን ባልተናገርኩ! በማን እንደሚታዘዙ የማይታወቅ ዝምተኞች በየሰዉ ሰውነት ውስጥ ተሰግስገዋል ብዬ በገዛ አፌ መሰከርኩ። ያንን የምመሰክርለት አዳራሽ ራሱ አፍ እያለው ዝም ያለ ሰው የሞላበት መሆኑን አትርሱ።

ካድሬው የቀበሌውን ጸሐፊ ጆሮው ላይ ሹክ አለው። ጸሐፊው ተነሥቶ፣ "በጓዱ ጉዳይ የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ የምትደግፉ!" አለ። ሐሳቡ ምን እንደሆነ የነገረንም የጠየቀም የለም። በእኛ ቀበሌ መጀመሪያ እጅ ይወጣል፤ ምን እንደወሰንን የምናውቀው ስንወጣ በሩ ላይ ተለጥፎ ስናነበው ነው። ጸሐፊው የወጣውን እጅ ቆጠረ፤ አስቀድሞ በታይፕ በተመታው ወረቀት ላይ ቁጥሩን ሞልቶ ለጠፈው።

"ጥናቱ ሥራ ፈትነትን የሚያበረታታ ሆኖ ስለተገኘ ድጋፍ ተነፍጓል" ይላል። ጎረቤቶቼ እያነበቡ አንገታቸውን ደፍተው አለፉኝ። ዕድሉ ባክኖ እንዳይቀር በኋላ ካድሬው ራሱ ሄደበት፤ አሁን ከምዕራብ አገር ሰላምታ ይልካል አሉ።

ጋሽ ሽፋ ብቻ ክንዴን ይዘው በወረቀቱ አጠገብ ደረታቸውን ነፍተው አለፉ።

"ሁለቱንም እጄን አወጣሁልህ፣ ልጄ!"

"ሁለት እጅ አይቆጠርም እኮ፣ ጋሼ።"

"ይቁጠሩታ! ላንተ አይደል?"

ቆጥረውታል።