ክቡር የቅበላ ሰልፍ አዛዥ

እምቢ ማለት የማይችል ሰው አዛዥ ሲሆን አገር ይታመሳል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር የለም። የእኛው ክቡር ጌርኖት ቬንድሊንግ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ወይን ጠማቂ፣ የላይ ኤርልባኽና የታች ኤርልባኽ መንደሮች የጋራ የቅበላ ሰልፍ አዛዥ፣ የአዛዥነቱን ዱላ የያዙ።

ከንቲባው "ንግግር ላድርግ?" ቢሏቸው "ይቻላል!" ቄሱ "ንግግር ይቅር" ቢሏቸው "ይቻላል!" አንድ ዓመት የሰልፉን ንግሥትነት ለሁለት ሴቶች ቃል ገብተው፣ ሁለቱም ዘውድ ደፍተው በአንድ ወንበር ተጨናንቀው ሄዱ።

በጾሙ ዋዜማ ልዩ ልዩ ልብስ ተለብሶ የሚወጣውን ይህን ሰልፍ ሁለቱ መንደሮች በየተራ ይጀምሩታል፤ አንድ ዓመት ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ዓመት ከታች ወደ ላይ። አምና ተራው የእኛ የላዮቹ ነበር፤ ነፋስ በርትቶ ተሰረዘ። ታዲያ ዘንድሮ የማን ነው? እኛ የነፋሱ ዓመት አይቆጠርም አልን። ታቾቹ ይቆጠራል አሉ።

"ጋሼ፣ የምንጀምረው እኛ ነን አይደል?" አልኳቸው፣ የላዮቹ ተወካይ ነኝና።

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው?"

ለታቾቹም ይህንኑ ማለታቸውን ያወቅነው በሰልፉ ቀን፣ በወይን እርሻው መሃል በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ግራና ቀኙ የድንጋይ ካብ። የእኛ ትራክተርና የታቾቹ ትራክተር አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጡ፤ ከየኋላቸው ሰው የጫነ ተጎታች ተደርድሯል። ሁለት ማርሽ ባንድ ሁለት ዜማ ይነፋል። የሚዘፍነውና የሚሳደበው አይለይም።

"ወደ ኋላ በሉ!" አለች የታቾቹ ሊቀመንበር ኢርምትራውት፣ የዶሮ ልብስ ለብሳ።

"ዶሮ አያዘንም!" አለ የእኛ ሾፌር።

ወደ ጌርኖት ዞረች። "አንተ ቀጣፊ! ከዛሬ ጀምሮ ሰልፉ ለየብቻ ነው። ዱላውን አምጣ!"

ለየብቻ ማለት ደግሞ የሰልፉ ሞት ነው። አንድ መንደር ብቻውን ሰልፈኛ ካወጣ ተመልካች አይተርፈውም።

ጌርኖት ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ። ዱላውን ሰጧት። ከዚያ በቀጭን ድምፅ "ውረዱና በእግር ተላለፉ" አሉ።

ምን እናድርግ፣ ወረድን። በጎማና በካብ መካከል ተሽሎክልከን ተላለፍን። እኔ ከበሮዬ ጠፍቶብኝ የማላውቀው ሰው ጥሩንባ ይዤ ታች ኤርልባኽ ደረስኩ፤ አጠገቤ የሚነፉት ግማሾቹ ወደ ላይ መሄድ የነበረባቸው ታቾቹ ናቸው። ተመልካቹ ግን አጨበጨበ። ትራክተሮቹ እዚያው አደሩ። ጌርኖት የትኛውን ሰልፍ እንደሚመሩ ጠፍቷቸው መሃል መንገድ ላይ ቀሩ።

በማግስቱ ጾሙ ገባ። ኮሚቴው እንደ ልማዱ በኮምጣጤ የተነከረ ዓሣ ሊበላ፣ ከዚያ ጌርኖትን ሊሽር ተሰበሰበ። እሳቸው በር ላይ ቆመዋል፤ ተቀመጡ ያላቸው የለም።

"ዱላውን የሚፈልግ?" አለች ኢርምትራውት።

ሁሉም ሳህኑን አየ።

"እሺ፣ ጌርኖት 'ዘንድሮ ሁለተኛ ናችሁ' ብሏችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ሰዎችህ ይወጡ ነበር?" አለችኝ።

"ከቤታቸው ንቅንቅ አይሉም።"

"የእኛዎቹም።"

 ከዚያ ዱላውንና አንድ ሳህን ዓሣ በበሩ በኩል ወዳለው የጠረጴዛው ጥግ ገፋች።

"በሩን ይዝጉትና ይምጡ ጋሼ፣ ብርድ ገባ" አልኩና አግዳሚው ላይ ጠጋ አልኩላቸው።