ጸዳለ ትከሻ ላይ ያረፈችው የእሳት እራት

«አላውቅም» ማለት ጥርሱን የሚያመው ሰው በየአገሩ አንድ አይጠፋም። ሁለት ከሆኑ አገሩ ይፈርሳል። እኛ መተማዎች አንዱን አግኝተናል፤ እሳቸውም የመተማ፣ የማዶው የሱዳን ገላባት፣ በመሀል ያለው ደረቅ ወንዝ እንኳ ሳይቀር ሊቀ ዐዋቂ፣ አያ አለነ ነበሩ።

አያ አለነ ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳሉ። አገጫቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአፍንጫቸው «ይቺንማ አውቃታለሁ!» ይላሉ። እኔ ሳስመስላቸው ሰው ዞር ብሎ እሳቸውን ይፈልጋል።

የጣሊያን አይሮፕላን መጀመሪያ የመጣ ቀን ሁላችን ማሽላ ውስጥ ስንደፋ እሳቸው ቆመው፣ «ይቺንማ አውቃታለሁ፤ ሴቷ ናት። ወንዱ እንዲህ አይጮህም» አሉ። ካሚዮን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲያጓራ ደግሞ፣ «ይቺንማ አውቃታለሁ፤ ጨው አምሯት ነው» ብለው አሞሌ ሊያልሱት ሲሄዱ ሾፌሩ ሶላቶ በእርግጫ መለሳቸው። ከጭቃው እየተነሡ፣ «ይቺንም እርግጫ አውቃታለሁ» አሉ።

ሰው ይስቅባቸው ነበር። ከሁሉም ይበልጥ የምስቀው እኔ ነበርሁ። ፎቶው እስኪመጣ።

በግንቦት ጠራራ፣ ዝንብ እንኳ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት፣ አንድ ሶላቶ የሱዳናዊው የኸሊፋ ሱቅ ፊት ለፊት፣ አያ አለነንም ጨምሮ፣ ሰብስቦ ፎቶ አንሥቶን ነበር። ክረምቱ ሲገባ ፎቶውን ለኸሊፋ አመጣለት። ኸሊፋ አየና በዐረብኛው «ያ ዞል!»፣ አንተ ሰው፣ ብሎ እንደ ፍም ከእጁ ጣለው።

ፎቶው ውስጥ የጎረቤታችን የጸዳለ ግራ ትከሻ ላይ መዳፍ የምታክል የእሳት እራት ተቀምጣለች። ክንፎቿ ላይ ሁለት ዓይን አለ፤ የሰው ዓይን። ሌሎቻችን ፀሐዩ አጨናብሶናል። እነዚያ ዓይኖች ግን አፍጥጠዋል።

ያን ቀን እንዲህ ያለ ነገር ያየ የለም። ጸዳለም ምንም አልተሰማት። በግራዋ የሚቆመው ደግሞ ቢኖር ኖሮ ባሏ አገኘሁ ነበር። አገኘሁ ጣሊያንን ሊወጋ አርማጭሆ ጫካ ከገባ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ለባንዳው የተነገረው «እህል ሊገዛ ሄዷል» ተብሎ ነው።

ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። «እሱ ነው እኮ! ነፍሱ ልትሰናበታት መጥታ ነው።»

የጸዳለ እጅ ነጠላዋን ሊያዘቀዝቅ ተነሣ። ነጠላ ከተዘቀዘቀ ልቅሶ ነው። ልቅሶ ከሆነ ባንዳው መጥቶ «ማን ሞተ? የት ሞተ?» ይላል። ከዚያ ቤቷ ይቃጠላል፣ እሷም ትታሰራለች።

«ኧረ አያ አለነን ጥሩ!» አልሁ፤ አፌ አመጣው።

መጡ። ፎቶውን ተቀበሉ። አገጫቸው አልተነሣም። ዓይናቸው አልተጨፈነም። ዝናሙ ጣሪያውን ይደበድባል። አያ አለነ ዝም ሲሉ ያን ቀን ገና አየሁ።

«አያ፣ ይናገሩ እንጂ» አለች ጸዳለ። «ሞቶ ነው?»

አገጫቸው ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ይቺንማ አውቃታለሁ! የሞት አይደለችም፤ ክረምቷን ሱዳን የምትከርም ናት፤ ዝናም ሲያባራ ትመለሳለች፣ እሱም እንደሷው። አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ነጠላ የምትነካኪ? አቅኚው!»

ጸዳለ አቀናችው።

ቤታቸው ስሸኛቸው፣ «እውነት ያውቋታል?» አልኋቸው። መጀመሪያ ኋላቸውን ገልመጥ አደረጉ።

«አላውቃትም» አሉ። «እሷ ግን እኔን ታውቀኛለች።»

ዝናሙ ሳያባራ አያ አለነ በንዳድ ሞቱ።

ፎቶው ጸዳለ ቤት ተሰቅሏል። የቆላው ሙቀት እኛን እያደበዘዘ፣ የእሳት እራቷን እያጠቆረ ሄደ። ፎቶው ላይ አያ አለነ የቆሙበት ቦታ አሁን ነጭ ነው። መስከረም አለፈ፣ ሰሊጡ ታጨደ፤ አገኘሁ የለም።

ትናንት ብቅ ስል ጸዳለ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ፎቶው ፊት ቆማለች።

«አንተ አፈ ቀላጤ፣ እስቲ አስመስላቸው» አለችኝ፣ ሳትዞር።

ልቀልድ ብዬ አገጬን ቀሰርሁ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ይቺንማ አውቃታለሁ! ማን ነው ዝናሙ አባርቷል ያለሽ?»

ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው። ያን ልል አላሰብሁም፤ ድምፁም የጉሮሮዬ አልመሰለኝም።

ጸዳለ ዞረች። ያየችው ግን እኔን አይደለም፤ ከኋላዬ ነው።

«እሺ፣ አያ» አለችና ነጠላዋን አቀናች።

እኔም እንደ ሰው ሁሉ ዞሬ ፈለግኋቸው።