ጋሽ ሰይፈሥላሴ የዳሯቸው ሰዎች

በየከተማው ፊደል የሚያመው አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላውን ጥርሱን ወይ ወገቡን ሲያመው፣ እሱን የሚያመው የሰው ማስታወቂያ ነው። የሆሳዕናው ሊቀ ፊደላት ክቡር ጋሽ ሰይፈሥላሴ ናቸው። ማተሚያ ቤት አላቸው። ከዚያ እስከ መናኸሪያ ያለችው አጭር መንገድ፣ በየታፔላው ሥር እየቆሙ ሲያዝኑ ግማሽ ቀን ትፈጅባቸዋለች። የሥጋ ቤቱን ጽሑፍ አይተው፣ "ይሄ ፊደል እንኳን ሥጋ ሊሸጥ ራሱም ከስቷል" ይላሉ። አንዴ የሠርግ ጥሪ ደርሷቸው የካርዱን ፊደል ሲያደንቁ ሰንብተው ሠርጉን ረሱት። "ፊደልም ወግ አለው!" የዘወትር ቃላቸው ናት።

ዘንድሮ ታዲያ መጽሐፍ ሠሩ። ደንበኛ እያገላበጠ ለሠርግ ካርዱ የሚወደውን ፎንት የሚመርጥበት ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ በአንድ ዓይነት ፊደል የተጻፈ የሠርግ ጥሪ። ጥሪ ያለ ሙሽሮች አይሆንም። የፈጠራ ስም ደግሞ አይወዱም፤ "በሌለ ሰው ስም ላይ ፊደል ነፍስ አይዘራም" ባይ ናቸው። ስለዚህ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ስሞቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ ማማራቸውን ብቻ እያዩ፣ የከተማውን ሰው እርስ በርስ ዳሩት።

ፊት ለፊታቸው ጨርቅ የሚሸጠው ሀብተሚካኤል በዚህ ጊዜ መልስ እየጠበቀ ነበር። ሊሻንን ከወደዳት ቆይቷል፤ ሽማግሌም ልኳል። አባቷ አቶ ተክለጊዮርጊስ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ቀልድ አያውቁም። ፎቶ ኮፒ ሊያስደርጉ ማተሚያ ቤት ገብተው መጽሐፉን ገለጥ ቢያደርጉ፣ "ሀብተሚካኤል እና ጵርስቅላ" የሚል የሠርግ ጥሪ ጉብ ብሏል። ወዲያው ለሽማግሌዎቹ ላኩባቸው፦ "ሌላ የሚያገባ ሰው ልጄ ምን ታደርግለታለች? በቃ፣ እንዳትመጡ።"

ሀብተሚካኤል ነገሩን ከሽማግሌዎቹ ሲሰማ ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ መንገዱን ተሻገረ።

"ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣ ምን በደልኩዎት?"

"እስቲ እየው! ያን የሚያህል ስም በአንድ መስመር ገባ እኮ!"

"ጵርስቅላ ማናት?"

"አማቴ።"

"አማትዎ?"

"እዚያ ሞርሲቶ የሚኖሩት። ሰማንያ አልፏቸዋል። የጵን መልክ የማሳይበት ሌላ ስም አጣሁ።"

ሀብተሚካኤል ሊስቅም ሊያለቅስም አቃተው። አንገታቸውን ቢያንቅ በወደደ። እጃቸውን ይዞ፣ በየታፔላው ሥር "ኧረ ይሂዱ ጋሼ!" እያለ እየጎተተ፣ አቶ ተክለጊዮርጊስ ቤት አደረሳቸው።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ገና ሳይቀመጡ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት አዩና፣ "ውይ! ይሄን ማን ጻፈብዎት?" አሉ። ሀብተሚካኤል አለቀልኝ አለ። ቢሆንም ጋሽ ሰይፈሥላሴ እንደምንም ነገሩን አስረዱ።

"ለፊደል ብሎ አማቱን የሚድር ሰው አለ ብዬ ልመን?" አሉ አቶ ተክለጊዮርጊስ።

"ምነው፣ እርስዎንም ድሬዎታለሁ እኮ!" መጽሐፉን ገለጡት። "ይኸው፣ ተክለጊዮርጊስ እና ወርቅዬ። ግጥም አላለም?"

ሀብተሚካኤል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ፋንታዬ ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ወርቅዬ? ዳቦ ሻጯ ወርቅዬ?" መጽሐፉን ነጥቀው አዩና በሳቅ ፍርስ አሉ። "እሰይ! እንግዲህ እሷ ትቻልህ!"

አባወራውንም ሳቅ አመለጣቸው። ሳቁ በረድ ሲል መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አገላበጡት።

"ሊሻን የለችበትም" አሉ።

"የለችም። እሷን ከማንም ጋር አላጋባሁም።"

"ለምን?"

ጋሽ ሰይፈሥላሴ አፈር አሉ። "ይሄ ልጅ እሷ በደጁ ስታልፍ የሚለካው ጨርቅ ይጠፋበታል። ሁልጊዜ አየዋለሁ። እንዴት ብዬ ከሌላ ሰው ጋር ልጻፋት? ከሱ ጋር እንዳልጽፋት ደግሞ የአባቷ ቃል ሳይሰማ ነውር ነው። እሱንም ከአሮጊት ጋር ያደረግኩት ማንም የእውነት ነው ብሎ እንዳይጠረጥር ብዬ ነበር።"

ሀብተሚካኤል ዓይኑ እንባ አቀረረ። አቶ ተክለጊዮርጊስ መጽሐፉን ዘግተው ለጋሽ ሰይፈሥላሴ መለሱላቸው።

"እንግዲያው" አሉ በመጨረሻ፣ "ለሷ የሚሆን ፊደል አለህ?"

ወይዘሮ ፋንታዬ እልልታቸውን አቀለጡት። ልጁን የሰጠ አባትን ጉልበት መሳም ወግ ነው። ሀብተሚካኤል ግን ተስፈንጥሮ ተነሣና መጀመሪያ የጋሽ ሰይፈሥላሴን ጉልበት ሳመ።